ከአሰልጣኙ በፊት ዕቅዱን አሳዩን

ይድረስ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትና ለሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው
አዲስ አበባ

ክቡራን ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከጁባ በስተደቡብ፣ ነጭ ዓባይ ዳር ካለችው ረጃፍ ሆኜ ነው። በጁባ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሆቴልና ምግብ ቤት እንሠራለን፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ እንነግዳለን፣ በቦቴ ውኃ እናመላልሳለን። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በሚጫወቱበት ቀን ጄኔሬተር አስነስተን አንድ ቴሌቪዥን ፊት እንሰበሰባለን፤ የአገሩ ሰዎችም አብረውን ይቀመጣሉ።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ አንድ ደቡብ ሱዳናዊ ጎረቤቴ «ይሄ ሜዳ አዲስ አበባ ውስጥ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል የምመልሰው ጠፋኝ። ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ በኋላ ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ፣ ቡርኪና ፋሶን ኤል ጃዲዳ ላይ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬሰላም ላይ «በሜዳችን» አስተናግደናል። ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ለሆነችው፣ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫ ላነሳችው አገር ይህ ከባድ ውርደት ነው። የሜዳውን ጉዳይ ግን ብዙዎች ጽፈውታል። እኔ የመጣሁት በሌላ ነገር ነው፤ እሱንም የተማርኩት እዚሁ ጁባ ነው።

ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነው። የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኗን በ2012 ዓ.ም. የተረከበው ሉዎል ዴንግ ዋው ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከጦርነት ሸሽቶ በግብፅና በእንግሊዝ ያደገ፣ በቺካጎ ቡልስ ስም ያተረፈ ተጫዋች ነበር። በአገሩ ጣሪያ ያለው አንድ የውድድር አዳራሽ እንኳ አልነበረም። የበረራና የሆቴል ወጪ ከኪሱ እያወጣ፣ ስደት በየአገሩ የበተናቸውን ልጆች ፈልጎ አሰባሰበ። በነሐሴ 2013 ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሮባስኬት ላይ ተሰልፎ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ።

በጥሞና እንድታዩልኝ የምፈልገው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በነሐሴ 2015 የዓለም ዋንጫ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ፖርቶ ሪኮ በጭማሪ ሰዓት 101 ለ 96 አሸነፈቻቸው። ቀጥሎ ቻይናን ቢረቱም ሰርቢያ በ32 ነጥብ ልዩነት ቀጣቻቸው። አሰልጣኙን ሮያል አይቪን ያባረረው አልነበረም። ያው ቡድን በዚያው ውድድር አንጎላን 101 ለ 78 ረትቶ የፓሪስ ኦሊምፒክ ትኬቱን ቆረጠ። ሐምሌ 13 ቀን 2016 ለንደን ላይ በተደረገ የዝግጅት ጨዋታ አሜሪካ በሌብሮን ጄምስ የመጨረሻ ሰከንዶች ቅርጫት 101 ለ 100 አመለጠች። ከስምንት ቀን በኋላ በኦሊምፒኩ ያችኑ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፉ። የእኛ ሰፈር ልጆች የበርሜል ቀለበት ዛፍ ላይ ቸንክረው እስኪመሽ ሲወረውሩ የማየው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀለበቱ አንድ ጎኑ ተጣሟል፤ ኳሱ ሲነካው ወደ ግራ ያፈነግጣል፣ ልጆቹም ያንን አስልተው ነው የሚወረውሩት።

ቅርጫት ኳስ በ12 ሰው ይሠራል፣ እግር ኳስ ሰፊ ነው ብትሉኝ እውነት ነው። የጁባ እግር ኳስ ራሱ ያን ያህል አልሄደም፤ ሰኔ 2016 ሱዳን እዚሁ ጁባ ስታዲየም መጥታ 3 ለ 0 አሸንፋ ተመልሳለች። ስለዚህ የማደንቀው የአገሩን ዕድል አይደለም። አንድ ኃላፊ፣ አንድ አሰልጣኝና አንድ ዕቅድ ሽንፈትን ተሻግረው አብረው መቆየታቸውን ነው።

የእኛን ተመልከቱ። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቃን፣ ለዓለም ዋንጫም ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ማጣሪያ አደረሰን፤ በ2006 ዓ.ም. ተሰናበተ። ከዚያ እስከ 2013 መግቢያ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ ተፈራረቁ። ውበቱ አባተ ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አደረሰን፤ ከእሱም ጋር በ2015 ተለያያችሁ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ብቃት አጥተው ነው ማለት ይከብደኛል። እያንዳንዱ ሲመጣ ተጫዋች መምረጥን ከዜሮ ጀመረ፣ ሲሄድም የሚያውቀውን ይዞ ሄደ። ለሚቀጥለው የሚተላለፍ ነገር ነበር? እኛ ደጋፊዎች አንድም ቀን አላየንም።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ የአራት ዓመት ዕቅድ በጽሑፍ አውጡና ለሕዝብ ይፋ አድርጉ፤ በየዓመቱ ምን እንደሚጠበቅ፣ ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ቡድኖች ስንት ልጅ ወደ ዋናው እንደሚያድግ፣ አሰልጣኙ በምን እንደሚመዘን ይጻፍበት። በአንድ ማጣሪያ ሽንፈት የማይፈርስ ውል ስጡት። ዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚያስተናግድ ስታዲየም መቼ እንደሚያልቅ የመንግሥት ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ መንግሥትን በየሦስት ወሩ ጠይቃችሁ መልሱን አሳውቁን። በውጭ ያደጉ ልጆቻችንንም እንደ ዴንግ ፈልጓቸው። ጥምር ዜግነትን የማይፈቅደው አዋጅ 378/1996 መንገዱን እንደሚዘጋባችሁ አውቃለሁ፤ ግን ለስፖርተኞች መፍትሔ እንዲፈለግ ለፓርላማ የምታቀርቡት ሐሳብ ይኑራችሁ። ከዚህ ድንበር ማዶ ጋምቤላ ናት፤ ጋቶች ፓኖምን የሰጠችን። እዚያስ የሚመለምል ሰው በቋሚነት አላችሁ?

ዕቅዱ ካለ ጁባ ላለነው ላኩልን። አትመን ጨዋታ በምናይባቸው ቤቶች ሁሉ እንለጥፈዋለን፣ በየዓመቱም እያነበብን እንጠይቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዋልያዎቹ ደጋፊ
ረጃፍ፣ ጁባ