የራሳችን ጥያቄ በራሳችን ብር ይጠየቅ

ለክቡር የመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ፣ መንግሥት ለኤችአይቪ ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ድጋፍና መመሪያ አንድ በአንድ እየዘረዘረ የሚያወድስ፣ በፍጻሜውም ምርምራችን የቀጨጨው ምሁራኑ ከአበል በቀር የሚሹት ነገር ስለሌላቸው ነው ብሎ የሚፈርድ ጽሑፍ ካነበብሁ ወዲህ፣ ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ዙሪያ የጨረስሁ ጡረተኛ እንደ መሆኔ ዝምታውን ሕሊናዬ ስላልፈቀደልኝ፣ ይህችን ደብዳቤ ከነምሬቷ ታትሙልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

መመሪያ ጎደለን ብሎ የሚያማ ሰው ካለ፣ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። መመሪያስ ሞልቶናል። በ1990 ዓ.ም የወጣ የኤችአይቪ ፖሊሲ አለን፤ በ1994 ዓ.ም በአዋጅ የተቋቋመ የመከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ነበረን፤ እየታደሰ እስከ አምስተኛ እትም የደረሰ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያም አለን። ተመራማሪው ፕሮቶኮሉን ተሸክሞ አስቀድሞ በመሥሪያ ቤቱ የኢቲክስ ኮሚቴ ፊት ይቆማል፤ ጉዳዩ ከበድ ያለ እንደ ሆነ ወደ ብሔራዊው ኮሚቴ ይመራል፤ መድኃኒት የሚሞከርበት ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ደጅ ይጠናል፤ ደም ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነም የናሙና ማስተላለፊያ ውል ይፈራረማል። ይህ ሁሉ የሕሙማንን ክብር ለመጠበቅ የተሠራ ነውና አልቃወመውም። ነገር ግን የጽሑፉ ባለቤት እያንዳንዱን ማኅተም እንደ ቸርነት ቈጥሮ ሲያመሰግን፣ ከእነዚህ ሁሉ ደጆች በየትኛው ላይ ነው ተመራማሪው ብር ተቀብሎ የሚወጣው ብሎ ሳይጠይቅ ማለፉ አስገርሞኛል።

የእኔ ነገር አንድ ነው፤ እርሱም፣ ከፋዩ ማንም ይሁን፣ ጥያቄውን የሚመርጠውም እርሱ ነው የሚል ነው። የተሕዋሲው ምልክት በአገራችን በ1976 ዓ.ም ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማንም በ1978 ዓ.ም ተመዘገቡ። ደዌው እንዴት እንደሚሄድ ለዓመታት እየተከታተለ የሚያጠና ተቋም ግን እስኪገኝ ድረስ ብዙ ሰው አለቀ፤ በኋላም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1994 የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በሆላንድ መንግሥት ገንዘብ ተጀመረና፣ በተለምዶ ፓስተር በምንለው ግቢ ውስጥ ሥራውን አሐዱ አለ። የወንጂ ስኳርና የአቃቂ ቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞች በየስድስት ወሩ ክንዳቸውን እየዘረጉ ደም ሰጡ። ከዚያ ደም ከተገኘው ዕውቀት አንዱ፣ ተሕዋሲው የሌለበት ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ደዌን የሚከላከለው የሲዲ4 ሕዋሱ መጠን ከጤነኛው ሆላንዳዊ ያነሰ መሆኑ ነው። ሕክምና የሚጀመረው ሲዲ4 ከ200 ሲወርድ ነው ይባል በነበረበት ዘመን፣ የሌላው ሕዝብ ልክ ለእኛ ልክ ሆኖ መወሰዱ ሐኪሙን ምን ያህል ሊያሳስበው እንደሚገባ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ከእኛ በቀር ይህ ጥያቄ ማንን ያስጨንቀዋል? ሆኖም የተጠየቀው በሆላንዶች ብር ነው፤ የገንዘቡ ዘመን ሲፈጸምም ክትትሉ አብሮ ተፈጸመ። ሆላንዶችን ግን አልወቅስም፤ እግዜር ይስጣቸው። የምወቅሰው፣ የጀመሩትን ተረክበን ማስቀጠል የምንችልበት አንዲት የበጀት መስመር ያላዘጋጀነውን እኛን ነው።

ገንዘቡ ከውጭ በተገኘ ጊዜስ ቢሆን! እሠራበት በነበረው ላቦራቶሪ ስም የመጣ የሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ካርቶን በአንድ የጭነት መጋዘን ውስጥ የቀረጥ ነፃ ደብዳቤ ሲጠባበቅ ሰንብቶ፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ስንመላለስ ቈይተን ስንረከበው፣ በረዶው ውሃ ሆኖ ካርቶኑን አርሶታል፤ በጎኑ የተለጠፈችው ሙቀት ጠቋሚም ቀለሟን ለውጣ ዕቃው መበላሸቱን ትመሰክር ነበር። የመጋዘኑ ሹም የርክክብ ሰነዱን እያቀረበልኝ «ጉድለት የለበትም» በሚለው ቦታ ላይ እንድፈርም አመለከተኝ። እነሆ ይህም በጽሑፉ ሚዛን ከመንግሥት ድጋፍ ውስጥ ይቈጠር ይሆናል።

አገሩ ድኻ ነው፣ ዳቦ ሳይኖር ምርምር ቅንጦት ነው የሚለውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለኖርሁ፣ አሁን በእርሱ ላይ ብዙ ቀለም አላባክንም። የአፍሪቃ መሪዎች ከአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር እናውላለን ብለው ቃል ሲገቡ ድኽነታችን ተሰውሮባቸው አልነበረም፤ ያንን ቃል የሚጠብቀው ኅብረታቸውም መንበሩ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ደዌው ቀንሷል፣ ምርምሩ ለምን ይበዛል የሚሉም አሉ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2017 እና በ2018 በከተሞቻችን የተደረገው ታላቅ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆኑ ከተሜዎች ከመቶው ሦስቱ ተሕዋሲው በደማቸው እንዳለ አሳይቷል፤ ይህ ለማን ነው ጥቂት የሚሆነው? ደግሞስ ይህን ቍጥር ያወቅነው በማን ገንዘብ ነው? ጥናቱን ከሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩታችን ጋር ያስኬደው ፔፕፋር የሚሉት የአሜሪካ መንግሥት መርሐ ግብር ነው። መሬቱን አከራይቶ ሲያበቃ በዘሩ ምርጫ ላይ እንደሚከራከር ባለ ርስት፣ እኛም ጥናቱ ይህን አላየም፣ ያንን አልነካም እያልን እንሟገታለን።

ለጋሾች ይሞላሉ የሚለው ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም ራሱን ቀበረ። አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ለ90 ቀን አገድሁ ባለ ማግሥት፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞቻችን ውላቸው ተቋረጠ። መድኃኒት የሚያድለው ሠራተኛ እንኳ በባዕድ ፊርማ የሚቀመጥና የሚነሣ ከሆነ፣ የተመራማሪውን ነገር ማን ያነሣዋል? ደቡብ አፍሪቃውያን ያው መቅሠፍት ከእኛ ይልቅ አብዝቶ ሲደርስባቸው፣ ከግምጃ ቤታቸው ገንዘብ አውጥተው ለሕክምና ምርምር ጉባኤያቸው ሰጡ፤ ጌትስና ዌልካም የሚባሉት ድርጅቶችም በዚያው ላይ የራሳቸውን ጨመሩ። እነርሱ ከእኛ ይልቅ ባለጸጎች ናቸው የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ባለጸጋው ቢሊዮን የሚያወጣበትን ጉዳይ ድኻው በሚሊዮን ይጀምረዋል እንጂ፣ በባዶ እጅ አይጀምረውም፤ ባዶ እጅ ላይ የሚጨምርም ለጋሽ አላየሁም።

ገንዘብ ጨርሶ የለም እንዳልል ደግሞ በየዓመቱ በዓለም የኤድስ ቀን የሚሆነው ይከለክለኛል። ያን ቀን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ካናቴራና ቆብ ያሳትማል፤ ሰንደቅ ይሰቅላል፤ አዳራሽ ይከራያል፤ የሻይ ሰዓት ከንግግሩ ይረዝማል። በየወሩ ከደመወዛችን ለኤድስ ፈንድ እያልን ስናዋጣ ከኖርን ሰዎች አንዱ ነኝና፣ ከዚያ መዋጮ አንዲት ጠርሙስ ሪኤጀንት ተገዝታ እንደ ሆነ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ካናቴራው ግን እነሆ ቤቴ ውስጥ ተደርድሯል፤ ለመወልወያነት ይጠቅማል።

ማድረግ አይቻልም ለሚሉም ምስክር አለኝ። በ1962 ዓ.ም የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ለሥጋ ደዌ ጥናት ያቋቋሙትን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1996 ዓ.ም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተረክቦታል፤ ተቋሙም አልፈረሰም። በዚያው ልማድ የኤችአይቪ ጥናት የራሱ የበጀት መደብ ይከፈትለት፤ ተመራማሪዎች በግልጽ ይወዳደሩበት፤ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብም በዚያ ላይ ተደራቢ ይሁን። መነሻው ትንሽ ቢሆን ቅር አይለኝም።

ስለዚህ የጽሑፉን ባለቤት በእናንተ በኩል የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው እትም ሌላ ውዳሴ ከመጨመራቸው በፊት፣ ያመሰገኑት ድጋፍ በመንግሥት በጀት ውስጥ በየትኛው መደብ፣ በስንት ብር ተጽፎ እንደሚገኝ፣ ባለፈው ዓመትም ለየትኛው የኤችአይቪ ጥናት እንደ ተከፈለ ይጻፉልን። መልሱ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ስለሚመስለኝ፣ ቦታ አያጣብብባችሁም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

ጡረታ የወጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ