የምትንጠባጠበው ቧንቧ



የግቢያችን ቧንቧ መንጠባጠብ ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። እኔም «ነገ አስጠግናታለሁ» እያልኩ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ከፈጅር ሶላት በኋላ ከሥሯ ባዶ ጀሪካን አስቀመጥኩ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ባየው ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ለካ በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ የምትጥል ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ታፈሳለች።

አነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ የሁለት እጅ እፍኝ ነው፤ አንድ ሊትር እንኳን አይሞላም። በዚያ ልክ ከሆነ የእኔ ቧንቧ በአንድ ቀን ያፈሰሰችው ለአንድ ሰው የአምስት ቀን ውዱእ ይበቃዋል። (ውዱእ ሲያደርጉ ቧንቧውን ለቀው ወሬ የሚይዙትን ወንድሞች ለሌላ ጊዜ እናቆያቸው።)

ጥፋቱ የአንዲት ያለቀች ጎሚኒ ነበር። ከቆጣሪው በኩል ውሃውን ዘግቶ፣ የቧንቧዋን አናት ፈትቶ ጎሚኒዋን መለወጥ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ቸል ሲሉት ግን ውስጡ ያለው ብረት ይበላና ቧንቧው በሙሉ ይለወጣል።

አሁን በቤታችን ቀን ቆርጠናል። ጥፍር ከ40 ቀን በላይ ሳይቆረጥ እንዳይቆይ በሐዲስ ገደብ ተደርጎለት የለ? እኛም ጁሙዓ ጠዋት ልጆቹ ጥፍራቸውን ሲቆርጡ ቧንቧዋን፣ የበሩን ማጠፊያና የጀሪካኖቹን ውስጥ እናያለን። ባለፈው ጁሙዓ ረስቼ ልወጣ ስል ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ቧንቧዋን አላየሃትም!» አለችኝ። ተመልሼ አየኋት። አልሐምዱሊላህ፣ ደርቃለች።