ነጭ ጋዋን የለበሰ አረቄ ቤት

«ማዘዣ ይዘሃል?»

ይቺን ሁለት ቃል ፍለጋ ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባን እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩላችሁ። አምስት መድኃኒት ቤት ገባሁ። አንዱ ሆስፒታል በር ላይ ያለ ነው፤ አንዱ ታክሲ ተራ አጠገብ፤ የቀሩት ሰፈር ውስጥ ናቸው። በሁሉም ዘንድ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ «አሥር ፍሬ ትራማዶል።» በእጄ የሐኪም ወረቀት የለም። ከአምስቱ አራቱ ምንም ሳይሉ ሸጡልኝ። ኧረ እንዲያውም አንደኛው ጠይቆኛል፤ ጥያቄ ከተባለ! «ባለ ሃምሳው ይሁን ባለ መቶው?»

አምስተኛዋ ልጅ ግን ቀና ብላ አየችኝና «ያለ ማዘዣ አንሸጥም፣ ወንድሜ። ለማን ነው?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። ልወጣ ስል ከኋላዬ «ማዶ ተሻግረህ እንደምታገኘው አውቃለሁ» አለች። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይቺ ንግግሯ ናት።

«ጋዜጠኛ መቼም ወሬ ፍለጋ መዞር ሥራው ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ወሬ ፍለጋ አልነበረም። እሳቱ ቤቴ ስለገባ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም የግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ከመወጣጫው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ሆነ። ከሆስፒታል ሲወጣ ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። ወረቀቱ ላይ «ለ10 ቀን» ይላል። ከአሥር ቀን በኋላስ? ከአሥር ቀን በኋላ እግሩ አሁንም ይጠዘጥዘዋል። እናቴ «ልጄ፣ ያቺን መድኃኒት ብቅ ብለህ ግዛለት» አለችኝ። ባዶውን ካርቶን ይዤ ሄድኩ። ካርቶኑን አሳየሁ፣ ብሩን ከፈልኩ፣ ሙሉውን ተቀበልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶ ካርቶን የሐኪም ማዘዣችን ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በልልኝ። ወንድሜን ሱስ ያስያዘው ጨለማ ለብሶ ጥግ ላይ የቆመ ዱርዬ አይደለም። የገዛሁለት እኔ ነኝ። የላከችኝ ፆም የማትገድፈው እናቴ ናት። የሸጠልኝ ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ግድግዳው ላይ ፈቃድ የሰቀለ፣ ግብር ከፋይ ነው። ሁሉም ነገር በጠራራ ፀሐይ ነበር።

በቀን ሁለት ፍሬ የነበረው አራት ሆነ፤ አራቱ ስምንት ሆነ። በኋላም እኔን መላኩን ተወውና ራሱ እያነከሰ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ወደቀና ይንፈራገጥ ጀመር። ጎረቤት «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት አምጡ!» አለ። ክብሪት ተጫረ። እናቴ ጠበል ይዛው ሄደች። እዚያ በደረሰ በማግስቱ ላብ በላብ ሆነ፤ ተቅማጥ ያዘው፤ «አጥንቴ ደቀቀ» እያለ ሌሊቱን ሲጮህ አደረ። ሰዉ «ሊለቀው ነው» አለ። ጠበሉን አልነካም፣ አማኝ ነኝ። ነገር ግን የሚለቀው መንፈስ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ነበር። ሰውነቱ የለመደውን ሲያጣ ነው እንዲያ የጮኸው። ይህን ግን ከእኛ ውስጥ ማን ያውቅ ነበር?

ቤት በተመለሰ በሳምንቱ ደግሞ ሄዶ ገዛ። ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ነው ሆስፒታል የወሰድነው። ሐኪሟ ገና ሲያዩት «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» አሉን። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ሒሳቡ ተሠራ። ባለ 50 ሚሊግራሙን በቀን 16 ፍሬ ይወስድ ነበር፤ 800 ሚሊግራም መሆኑ ነው። አንድ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ400 ማለፍ የለበትም። ከልክ ሲያልፍ ሰውን ጥሎ እንደሚያንቀጠቅጥ ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በእንግሊዝኛ! እናቴ እንግሊዝኛ ታንብብ እንዴ?

ለመሆኑ ይህ ትራማዶል የሚሉት ምንድነው? ግሩነንታል የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ያወጣው የሕመም ማስታገሻ ነው። ከሞርፊን የቀለለ እየተባለ በዓለም ተሰራጨ። ቀለለም አልቀለለም ዘመዱ ሞርፊን ነው፤ አእምሮ ውስጥ የሚያንኳኳውም ሞርፊን የሚያንኳኳውን በር ነው። ጉበታችን ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ይፈጨውና ይበልጥ ኃይለኛ ወደሆነ ነገር ይለውጠዋል።

አሁን ደግሞ እኛን የሚመለከተውን ስሙ። ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ከካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል ከተለመደው በላይ በዝቶ ተገኝቶባቸዋል። አውሮፓ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ሰው ከመቶ ጥቂት ነው። በአማርኛ ሲተረጎም ያው አንድ ፍሬ ከአሥር ኢትዮጵያውያን ወደ ሦስቱ ጉበት ሲገባ ቶሎና በብርቱ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ሦስቱም ሱሰኛ ይሆናሉ ማለት አይደለም። ግን ለእነሱ ልኩ የሌላው ሰው ልክ ላይሆን ይችላል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዳይሰጥ ሲከለክሉ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስደው ሲመክሩ አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነበር። መድኃኒት በብዛት ከምንገዛቸው አገሮች አንዷ የሆነችው ህንድም እ.ኤ.አ. በ2018 ትራማዶልን በአደንዛዥ ዕፅ ሕጓ ሥር አስገባችው። የምትሠራው አገር የፈራችውን እኛ እንደ ከረሜላ በፍሬ እንቸረችረዋለን!

ትራማዶልን ለምሳሌ አነሳሁ እንጂ ብቻውን አይደለም። ቫሊየም የምንለው ዲያዜፓምስ? እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበት ካላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጫት ሲቅም ውሎ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሁሉ ጨብሲውን በእንክብል መምታት ይዟል። እንክብሉን ከቢራና ከአረቄ ጋር የደባለቀ ሰው ደግሞ ተኝቶ እስትንፋሱ ሊቆም እንደሚችል የሚነግረው የለም።

«ታዲያ ሕግ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሕግማ ሞልቷል! በንጉሡ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1964 ደንብ ቁጥር 288 ወጣ። አዋጅ ቁጥር 176/1991 ተከተለ። አዋጅ ቁጥር 661/2002 መጣ። አሁን የምንተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቀያይሮ ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን» ተብሏል። ስም ተቀየረ፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ ሰሌዳ ተቀባ። ባንኮኒው ግን ያው ነው። ወደ አገር የሚገባውን መድኃኒት የፌዴራሉ ይቆጣጠራል፤ የሰፈሩን መድኃኒት ቤት ከተማው ይቆጣጠራል። እናም አንዱ ወደ ሌላው ሲጠቁም ወንድሜ መሐል ላይ ወደቀ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት ይህንን አይተው መሆን አለበት።

ሌላም ጉድ አለ። ብዙ ቦታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የፋርማሲስት ነው፤ ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ግን የባለቤቱ የአክስት ልጅ ነው። ፋርማሲስቱ ፈቃዱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይሠራል። ይህን ሐሜት ነው የሚል ካለ ነገ ጠዋት ሰፈሩ ያለው መድኃኒት ቤት ሄዶ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍና የሚሸጥለትን ሰው ፊት ያስተያይ።

የዚህ ሁሉ ትርፍና ኪሳራ ለማን ነው? እዚያች አምስተኛዋ ልጅ ዘንድ እንመለስ። ማዘዣ ጠየቀችኝ፤ ስለዚህ አልሸጠችም። ማዶ ያለው አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ ሸጠ። ወር ሲደርስ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ማነው? ሕግ ያከበረው እየከሰረ፣ ሕግ የጣሰው እየተስፋፋ የሚሄድበት ገበያ ውስጥ ሐቀኛው እስከ መቼ ይቆያል? ተቆጣጣሪው ሲተኛ ዝም ብሎ የተኛ አይምሰላችሁ። ተኝቶም ሐቀኛውን እየቀጣ ነው።

በአንጻሩ ጎዳና ላይ ማስቲሽ የሚስበው ሕፃን በአፈሳ ሲጫን በዓይናችን አይተናል። እሱን ማፈስ ቀላል ነው፤ ዘመድ የለው፣ ጠበቃ የለው። ባለ መስታወቱ መድኃኒት ቤት ግን በሩ ላይ መኪና ይቆማል። አረቄ ቤት እንኳ የሚሸጠው አረቄ መሆኑን አይደብቅም። ይኼኛው ሱስ እየሸጠ «ይማርዎት» ይላል!

ሐኪሞቻችንም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ወረቀት ብቻውን መድኅን እንዳልሆነ አሜሪካን አይተናል። እዚያ ኦክሲኮንቲን የተባለው ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ሲውል በማዘዣ ነበር የሚሸጠው። «ሱስ አያስይዝም» እየተባለ ሐኪሞች እንዲያዙት ተገፋፉ፤ አገሩ በሱስ ተመታ። የአምራቹ የፐርዱ ኩባንያ በ2007 እና በ2020 ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። ለብዙዎች ግን የረፈደ እምነት ነበር። ወደ እኛ ስመለስ፣ የወንድሜ ማዘዣ ላይ «ለ10 ቀን» የሚል ተጽፏል እንጂ «ከዚህ በላይ ከወሰድከው ያስርሃል» ያለው ሰው አልነበረም። ይቺን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

መድኃኒቱ ይታገድ እያልኩ አይደለም። ይህን የሚል ሰው ሕመም የማያውቅ ነው። ካንሰር የያዘው ሰው፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ማስታገሻ ማግኘት መብቱ ነው። በቁጣ ተነስተን በሩን ጥርቅም ብናደርገው የሚሰቃየው እሱ ነው፤ ነጋዴው ጓሮ ይዞት ይገባል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማዘዣው ባንኮኒው ላይ ይቅር፣ ይመዝገብ። ፈቃዱ የተሰቀለው ሰው በቦታው ይገኝ። ተቆጣጣሪውም ቀን ቆርጦና አስቀድሞ ደውሎ ሳይሆን እኔ እንዳደረግኩት እንደ ተራ ገዢ ይግባ። እኔ ያለ በጀትና ያለ መኪና በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ሻጭ አገኘሁ። እናንተ ባለ መኪናዎቹስ?

ለቤተሰብም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ በወንድሜ የተማርኩት ነው። ቤታችሁ ማስታገሻ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ካለ ፍሬውን ቁጠሩ። የአሥር ቀኑ በአምስት ቀን ካለቀ፣ ልጁ ሕመሙ ከዳነ በኋላም መድኃኒቱን ከፈለገ፣ ሳይወስድ ሲቀር የሚያልበውና የሚነጫነጭ ከሆነ «ጠባዩ ተበላሸ» አትበሉ። ዱርዬ ብላችሁም አታባርሩት። በጉልበት ነጥቃችሁም በአንድ ቀን አታስቁሙት፤ በተለይ ዲያዜፓም የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊሞትም ይችላል። ካርቶኑን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የሚወስደውንም ልክ ሳትደብቁ ንገሩ። እኛ አፍረን ደብቀን ነበር። እፍረታችን ሁለት ዓመት አስከፈለን።

ወንድሜ ዛሬ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። ከ16 ፍሬ ወደ ሁለት ወርዷል። መድኃኒቱ ትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉ እናቴ መቀነት ላይ ተቋጥሯል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ቆጥራ ትሰጠዋለች። ማታ ማታ አንዳንዴ «እማዬ፣ አንድ ጨምሪልኝ» ይላታል። ታለቅሳለች፤ ቋጠሮዋን ግን አትፈታም።

እንግዲህ አራት ጊዜ ሕግ የወጣለትን፣ መሥሪያ ቤት የተቋቋመለትን፣ ማኅተም የተቀረጸለትን ሥራ አንዲት ማንበብ የማትችል እናት በመቀነቷ ቋጥራ እየሠራችው ነው። የሚመለከታችሁ ክፍሎች ሆይ፣ እሷን እያያችሁ ትንሽ አታፍሩም?

ሳይቃጠል በቅጠል። ቸር ይግጠመን።