«ለልጆቼ ብዬ ነው» የምትለዋ ቃል

በእኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን መምከሩ ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሶሻል ወርከር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንዲት ቃል መስማት ሰለቸኝ፦ «ለልጆቼ ብዬ ነው።»

ደሞዝ ትንሽ ነው፣ ማሽካንታ አለ። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ማሽካንታው አልቆ፣ ልጆቹ ከሠራዊት ወጥተው፣ አግብተው ወልደው፣ አሁንም ሁለተኛ ሚሽመሬት ስጡኝ ከሚል ሰው ጋር ነው። ለየትኛው ልጅ? ልጁማ አባቱን ያየው ተኝቶ ሲያንኮራፋ ነው።

ጎንደር ሳለን ሰንበት እሳት አይጫርም፣ ሞፈር አይነካም ነበር። ድሆች ነበርን፤ ግን እናርፍ ነበር። እዚህ በገዛ አገራችን «በሻባት 150 በመቶ ይከፈላል» ብለን ጥበቃ እንወጣለን። አሠሪ አስገድዶ ነው? አንዳንዴ አዎ። ብዙ ጊዜ ግን ጠያቂዎቹ እኛው ነን።

የአባቴን ልንገራችሁ፤ አንብቤላቸው «ጻፈው» ብለውኛል። ማታ ጥበቃ፣ ጠዋት ጽዳት ይሠሩ ነበር። በ1984 በሱዳን ስንመጣ ታናሽ እህቴ ኡም ራኩባ ቀረች። ሰው እንዳይነቃብን በሌሊት ቀበሯት፤ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም። እዚህ ከገባን በኋላ አርፈው የተቀመጡበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሲቀመጡ እሷ ትመጣለቻ! ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ጠርሙሱ አለ፤ «እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው።» ጠላ እኮ በአገራችን በበዓል፣ ከሰው ጋር ነበር የሚጠጣው። ኩሽና ውስጥ ብቻውን ቆሞ የሚጠጣ ሽማግሌ ያኔ ማን አየ? እናታችን «ደክሞት ነው» ትለን ነበር። እናቶች፣ እናንተም አላችሁበት፤ ገመና እየሸፈናችሁ ሰው ታስጨርሳላችሁ።

በኢየሩሳሌም ቀን፣ በመንገድ ለቀሩት 4,000 ያህል ወገኖቻችን በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ሲደረግ አባቴ አንድም ጊዜ አልሄዱም። ሁልጊዜ «ሚሽመሬት አለብኝ» ነው። አንድ ማታ አጥብቄ ብጠይቃቸው «በምን ዓይኔ? እኔ ኢየሩሳሌም ገባሁ፣ እሷ ቀረች» አሉኝ።

ለካ ሲከፍሉ የኖሩት ዕዳ ነው! ልጅቷን የገደላት የካምፑ በሽታ ነው፤ አባቴ እስከ ሱዳን በጀርባቸው ያደረሷት ሰው ናቸው። ዕዳውን ማንም አልጻፈባቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የጻፉት፣ እኛም «ጎበዝ ሠራተኛ» እያልን አጸደቅንላቸው።

«አልቅሶ ማን አተረፈ?» ትሉኝ ይሆናል። ሳያለቅስስ ያተረፈ ማን አለ? (እኔም ከዚህ አልወጣሁም፤ የሰው ፋይል ይዤ እስከ እኩለ ሌሊት ስቀመጥ ባለቤቴ «አባትህን መሰልክ» ትለኛለች።)

ዘንድሮ በኢየሩሳሌም ቀን አብረን እንሂድ አልኳቸው። «እስቲ ሚሽመሬቴን ልይ» አሉኝ። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው።