የሥራ ክብርና አዲሱ መሣሪያ

ሰው የሚሠራው ለዕለት እንጀራው ብቻ አይደለም። ሥራ ለሠራተኛው ከገቢው በተጨማሪ በጎረቤቶቹ ዘንድ ስምን፣ በራሱም ዘንድ ክብርን ያስገኝለታል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ የአንድን ሰው ሥራ በሚወስድበት ጊዜ፣ «ይህ ሰው ምን ይበላል?» ብቻ ሳይሆን፣ «ከእንግዲህስ ማን ይባላል?» ብሎም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዚህም የሐርጌሳ ገንዘብ መንዛሪዎች ሁኔታ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በጦር አውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባ የፈረሰች ከተማ ናት። ሶማሊላንድ በ1991 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ፣ በ1994 የራሷን ሽልንግ አወጣች። የሽልንጉ ዋጋ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ጥቂት ዶላር የመነዘረ ሰው እስር እስር ኖት ተሸክሞ ይመለስ ነበር። መንዛሪዎቹም ኖቱን እንደ ጡብ ደርድረው በገበያው አደባባይ ይቀመጡ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ሙያቸው መቁጠር ይመስላል፤ የሥራው መሠረት ግን እምነት ነበር። ያን ሁሉ ኖት አንድ በአንድ መቁጠር አድካሚ በመሆኑ፣ ደንበኛው በመንዛሪው ቃል መተማመን ነበረበት።

በ2009 ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ ዛድ የተሰኘውን አገልግሎት ጀመረ፤ ትርጉሙም ስንቅ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ገዢው በተራ የእጅ ስልክ ጥቂት ቁጥሮችን በመንካት ሒሳቡን ይከፍላል። ቆጠራውንና ምዝገባውን የሚያከናውነው መሣሪያው ነው።

ይህ ለውጥ ሸክምን ያቀለለና ጊዜን የቆጠበ በመሆኑ ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። መንዛሪዎቹም ቢሆኑ ፈጽሞ አልጠፉም፤ በስልክ የተላከላቸውን ዶላር በጥሬ ሽልንግ የሚመነዝሩ ዛሬም አሉ። ከዚህም እንደምንረዳው መሣሪያው የወሰደው የጣትን ድካም እንጂ አደራን አይደለም። ይሁን እንጂ ከቆጠራ በቀር ሌላ ሙያ ያልተማረ ሠራተኛ በአዲሱ አሠራር ቦታ ላያገኝ ይችላል። ምጽዋት ቢሰጠው ሆዱ ይሞላ ይሆናል፤ ክብሩ ግን አይመለስለትም።

እንግዲህ ከመሣሪያ የሚገኘው ትርፍ ለባለቤቱ ብቻ ሊቀር አይገባም። ከትርፉ የተወሰነው ሥራቸው ለተወሰደባቸው ሰዎች ትምህርት ሊውል ይገባል። ሰው ደስ ብሎት የሚሠራው ሌሎች እንደሚፈልጉትና እንደሚያምኑት ሲያውቅ ነውና።