በትሩን ከፖፖው አርቁት



የዛሬው ርዕሳችን ለመንፈሳዊ ጽሑፍ የማይመጥን የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ስለ ሕፃናት ሽንትና ዓይነ ምድር ነውና። ዘዳግም 23፥12-14ን ያነበበ ግን እንዲህ አይልም። እግዚአብሔር ሕዝቡ ከሰፈር ወጥተው እንዲጸዳዱና ቆፍረው እንዲከድኑት ያዘዘው እርሱ ራሱ በመካከላቸው ስለሚመላለስ ነው። እርሱ ያልናቀውን እኛ ለምን እንንቃለን?

የምንቃወመውን በግልጽ እንናገር። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች፣ በእኛ በአማኞቹም ቤት ሳይቀር፣ ሱሪውን ያረጠበ የ2 ዓመት ልጅ ይቆነጠጣል። ሌሊት ያመለጠው የ6 ዓመት ልጅ በእንግዳ ፊት ይዋረዳል። ይባስ ብሎ «መንፈስ አለበት» የሚል አይጠፋም። ለምን ስንባል ምሳሌ 13፥24ን እንጠቅሳለን። ወገኖች ሆይ፣ ይህ ቃሉን ያለ ቦታው ማዋል ነው!

መጽሐፈ ምሳሌ በትርን የሚያነሣው ስለ ስንፍናና ስለ ዓመፅ ነው። ሽንትን መቆጣጠር ግን ጥርስ እንደ ማብቀል በጊዜው የሚመጣ ነገር ነው። ብዙ ልጆች ለመማር የሚዘጋጁት ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ልጁ ለ2 ሰዓት ያህል ሳያረጥብ ከቆየ፣ ሲመጣበት በፊቱ ወይም በአፉ ካሳወቀ፣ ሱሪውን ዝቅ ማድረግ ከቻለ ጊዜው ደርሷል። የሌሊቱ ከዚያም ይዘገያል። ከ5 ዓመት ልጆች መካከል 15 ከመቶ ያህሉ ገና ሌሊት ያመልጣቸዋል፤ ብዙ ጊዜም አባታቸው ወይም እናታቸው በልጅነታቸው እንዲሁ ነበሩ። በእንቅልፍ ልቡ ያደረገውን እንኳ የማያውቅ ልጅ ምን ዓመፅ ተገኘበት?

እኛም ንጹሐን አይደለንም። በቤታችን ቁጣውን ሞክረነዋል። ያተረፍነው ከበር ኋላ ተደብቆ ዓይነ ምድሩን የሚይዝ ልጅ ነው። የያዘው ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ ያማል፤ ያመመው ልጅ ደግሞ አብዝቶ ይይዛል። በዱላ የጀመርነው በሆድ ድርቀት ተጠናቀቀ። ልጃችንን ይቅርታ ጠይቀናል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሕወሓት ኃይሎች ሥር ሳለች የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ያደሩ ሕፃናት ነበሩ። በሀብሩ ጃራ መጠለያ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አድገዋል። ከደረቀ በኋላ እንደገና ማርጠብ የጀመረ ልጅ ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን እየነገረን ነው። አንደበቱ ያልቻለውን ሰውነቱ ተናገረ። እኛ ግን መልሱን በአለንጋ ሰጠነው! እንጸልይለት፣ አዎን፤ ጋኔን ብለን ግን አናሸማቅቀው። ድንገት የጀመረው፣ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣውና የሚከሳው፣ ወይም ሲሸና የሚያመው ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ስኳር ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ሌላም የምንሟገተው ነገር አለ፤ «የሕፃን ዓይነ ምድር ምንም አይልም» የሚለው አባባል። ሐሰት ነው። ተቅማጥ የሚያመጡ ተዋሲያን በሕፃን ዓይነ ምድርም አሉ። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታደርሰው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ የአማራ ክልል ደግሞ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲያስተምሩ የኖሩትን ቸል ብለን ስለ ንጽሕና ብንዘምር ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ፖፖ መግዛት ባንችል አሮጌ ጎድጓዳ ሳሕን ይበቃል። የጉድጓዱ ሽንት ቤት ለሕፃን ያስፈራል፤ እወድቃለሁ ብሎ ቢያለቅስ እውነቱን ነው። ስለዚህ በፖፖ ይጀምር፤ እኛ ወደ ጉድጓዱ እንድፋው፤ የእርሱንም የእኛንም እጅ በሳሙና እንታጠብ። ጠዋት ሲነሣና ከምግብ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እናስቀምጠው። በመርሳ ሙቀት ያለ ሱሪ ቢውል ይማርበታል። ሲሳካለት እናመስግነው፤ ሲያመልጠው «አይዞህ» ብለን እንጥረግ። አባቶችም ይጥረጉ፤ ይህ የእናት ዕዳ ብቻ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሆሴዕ 11፥3 እግዚአብሔርን ልጁን ክንዱን ይዞ መራመድ እንደሚያስተምር አባት ያሳየናል። ልጅ ሲማር ይወድቃል፤ አባት ያነሣዋል። መዝሙር 103፥13-14 ደግሞ አፈር መሆናችንን ስለሚያውቅ እንደሚራራልን ይነግረናል። እኛ ስንት ጊዜ አቆሸሽን? ስንት ጊዜስ አጠበን? ይህን ጸጋ የቀመሰ ሰው በረጠበ ሱሪ ላይ በትር እንዴት ያነሣል?

ዛሬ ማታ በቤታችሁ አንድ መኝታ ቢረጥብ አንሶላውን በዝምታ ቀይሩ፤ ልጁንም እቀፉት። ስለ እግዚአብሔር ልብ ከማንኛውም ስብከት በፊት የሚማረው በዚያች ሰዓት ነው።

ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።