ከአስፋልቱ በፊት የጠጠሩ ሒሳብ ይቅረብ!

ከሹሞቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል ቢኖር «አስፋልት» ነው። ምርጫ ሲቃረብ አስፋልት፣ ሕዝብ ሲያጉረመርም አስፋልት፣ ከላይ እንግዳ ሲመጣ አሁንም አስፋልት! ከመካነ ሰላም ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጣው የአፈርና የጠጠር መንገድ «ሊነጠፍ ነው» ቢባል የማይደሰት የቦረና ሰው የለም። እኛም መንገድ አንጠላም። ግን እንጠይቃለን፤ የትናንቱ ጠጠር የት ደረሰ?

የወሎ ደጋ የመንገድ ሥራን ዛሬ አይደለም የሚያውቀው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እያስቆረጡ ነው ያለፉት። ያ መንገድ ለመድፍ እንጂ ለእህል አልተሠራም። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት መጣ፣ ስንቱ ሄደ! የገበሬው ጤፍና ስንዴ ግን በብዙ ቀበሌ ዛሬም በአህያ ጀርባ ነው ገበያ የሚወጣው። ምጥ የያዛት እናትም በቃሬዛ ነው የምትወርደው።

በ2003 ዓ.ም. ኢሕአዴግ «ዩራፕ» የሚባል ፕሮግራም ይዞ መጣ። በአምስት ዓመት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሠርቼ ቀበሌን ሁሉ ክረምት ከበጋ አገናኛለሁ አለ። ሕዝቡም ድንጋይ ተሸከመ፣ አፈር ዛቀ። አምስት ዓመቱ አለቀ፤ ዕቅዱ አልሞላም። ከተሠራውም ብዙው ድልድይና ቱቦ ጎደለው። ድልድይ የሌለው መንገድ ደግሞ ሐምሌ ሲገባ ወንዝ ዳር ላይ ያልቃል። አይሱዙው ወዲህ ማዶ፣ እህሉ ወዲያ ማዶ!

የደጋው መንገድ ጠላት ውኃ ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ሳይጠብቅ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ሳይቆፈር አስፋልት ቢደፉበት ሁለት ክረምት ሳያልፈው ይፈራርሳል። ያኔ ጠጠሩም የለ፣ አስፋልቱም የለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

«በጀት የለም» ይሉናል። እሺ፣ ይሁን። ግን በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው ለምንድነው? ለጥገና አይደለም እንዴ? ዋናው ገቢው ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ነው። ስለዚህ ከመካነ ሰላም ደሴ የሚሳፈር ሰው በታሪፉ ውስጥ ይከፍላል፤ ማዳበሪያ የሚያስጭነው ገበሬም በጭነቱ ዋጋ ውስጥ ይከፍላል። ግብሩ ለብቻ ነው። «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚባለው ጉልበትና መዋጮ ደግሞ ሌላ። አንድ ሰው ለአንድ መንገድ ስንቴ ይክፈል?

ባለቤቱም ይለይልን። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በመካነ ሰላም በኩል ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ጉንደወይን የሚዘልቀው አውራ መንገድ የፌዴራሉ ነው። ሌላው የክልሉ፣ የቀበሌው ደግሞ የወረዳው ነው። መንገድ ሲመረቅ ሦስቱም ሪባን ለመቁረጥ ይሽቀዳደማሉ። መንገድ ሲበላሽ ግን ጣት መጠቋቆም ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ነገሩን አባብሶታል። መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚጎዳው በሽተኛው፣ ነጋዴውና ተማሪው ነው። ሹሙ «ጦርነት አለ» ብሎ ሥራውን ማቆሙን እንረዳለት ይሆናል። በአንድ በኩል «ጦርነት ስላለ መጠገን አልቻልንም» እያሉ በሌላ በኩል «አስፋልት እናነጥፋለን» ማለት ግን ሰው መናቅ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ የትኛው መንገድ በስንት ብር፣ በማን ተሠርቶ መቼ እንደሚያልቅ በሰሌዳ ተጽፎ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ከገበሬው የተሰበሰበው መዋጮ ከነደረሰኙ በሕዝብ ፊት ይመርመር። ሦስተኛ፣ ከአስፋልቱ በፊት ድልድዩ፣ ቱቦውና ቦዩ ይሠራ፤ የጥገናውም በጀት አብሮ ይያዝ።

ይህን የሚመልስ ሹም ካለ ገጻችን ክፍት ነው። መልስ የሌለው ግን ክረምት ሳይገባ ስለ አስፋልት ማውራቱን ይተውልን!